ስምንተኛው ሸምበቆ

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አርማ ነዳፊው በሥራ ክፍሉ ወለል ላይ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ልጁ ናት። አስተማሪ ነች፤ ወደ ትምህርት ቤቷ ከመሄዷ በፊት የደም ግፊት መድኃኒቱን ልታቀብለው ደረጃውን ስትወጣ በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችው። ጩኸቷን ሰምቶ የሮጠላት ከታች ሱቅ ያለው ጡረተኛ ሃምሳ አለቃ ነበር። ፖሊስ የጠራውም እሱ ነው።

መርማሪው ሲደርስ ክፍሉ እንደ ሌላው ቀን ሥራ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ሁለት የጥልፍ ማሽኖች፣ ግድግዳውን የሞላ የክር ጥቅል፣ ከመስኮቱ ሥር ሰፊ የንድፍ ጠረጴዛ። ጥጉ ላይ አርማን በሙቀት ጨርቅ ላይ የሚያጣብቅ ባለ እጀታ ከባድ የብረት መጫኛ ቆሟል። ሟቹ ከመጫኛው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። የብረቱ ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል።

«ተገፍቶ ነው የወደቀው» አለች የአሻራ ባለሙያዋ፣ ተንበርክካ። «ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተጨማድዷል። ሐኪሙ ትናንት ከቀኑ ዘጠኝና ከአሥራ ሁለት ሰዓት መሀል ነው ይላል። ግን ይሄን እይልኝ።»

ከሟቹ ራስ ሥር ወፍራም አረንጓዴ ጨርቅ አራት ጊዜ ታጥፎ ገብቷል።

«ሃያ ዓመት ሬሳ ሳነሳ፣ ገድሎ ትራስ የሚያነጥፍ ሰው አይቼ አላውቅም።»

መርማሪው ጎንበስ አለ። የሟቹን ፊት እያየ ነበር። አጭር ነጭ ጺም፣ አፍንጫው ላይ የመነጽር ጉድጓድ፣ ቀለም የማይለቀው አውራ ጣት። ያውቀዋል።

ባለፈው ሐሙስ ጣቢያ መጥቶ ነበር። መርማሪው ለምሳ ሊወጣ ኮቱን አንስቷል። ሽማግሌው «ስለ አንድ አርማ ሥዕል ነው የመጣሁት» ሲለው፣ «አባቴ፣ ሥዕል የኛ ሥራ አይደለም፤ ሰኞ ይመለሱ» ብሎት ወጣ። ለባለጉዳይ ሁሉ መልሱ አንድ ስለሆነ ባልደረቦቹ «ኢንስፔክተር ሰኞ» ብለው ስም አውጥተውለታል። እሱም አብሯቸው ይስቅ ነበር። ሽማግሌው ሰኞ አልመጣም፤ መርማሪውም መኖሩን ረስቶታል። ትናንት ሰኞ ነበር።

«ምነው፣ ታውቀዋለህ እንዴ?» አለች የአሻራ ባለሙያዋ።

«አላውቀውም» አለ። 

ጠረጴዛው ላይ ትልቅ የንድፍ ደብተር ተከፍቷል፤ የላይኛው ገጽ ተቀዷል። ሟቹ እርሳስ አጥብቆ የሚጫን ሰው ኖሮ፣ ከሥር ያለው ባዶ ገጽ ላይ መስመሮች ሰርጉደው ቀርተዋል። የአሻራ ባለሙያዋ የእርሳስ ዱቄት በጣቷ ስትዳብስበት ሥዕሉ ቀስ እያለ ብቅ አለ። ክብ አርማ፤ ባለ ሦስት ቅስት ድልድይ፤ ከድልድዩ ላይ በአንድ እግሩ የቆመ ሽመላ፤ ከሥር ወንዝ፤ በወንዙ ዳር ሸምበቆ። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለው የሻለቃ ጦሩ አርማም ይኸው ነው።

መርማሪው ሁለቱን አስተያየ፤ ሸምበቆዎቹን ቆጠረ። የግድግዳው ላይ ሰባት ናቸው፤ ሁሉም እንደ ጦር ቀጥ ያሉ። የደብተሩ ላይ ስምንት ናቸው። ስምንተኛው ከወገቡ ላይ ጎብጧል።

ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጣ የመድኃኒቱን ካርቶን በእጇ ይዛለች።

«ማታ ደወልኩለት፤ አላነሳም» አለች። «ሥራ ይዞት ነው ብዬ ተኛሁ። እንቅልፌን ለጥጬ ነው የተኛሁት፣ ይገባዎታል?»

«እህቴ፣ አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ጠላት ነበረው?»

«የሻለቃው አርባኛ ዓመት ሊከበር ነው። አርማውን አድስ ተብሎ ነበር። እሱ ድሮ ሻለቃው ውስጥ ካርታ ነዳፊ ነበር፤ አርማውንም መጀመሪያ የሣለው እሱ ነው። የበዓሉን ኮሚቴ ከሚመራው ከኮሎኔሉ ጋር በስልክ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ደግሞ አብራው የምትሠራው ጥልፈኛ ዛሬ አልመጣችም፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ቀርታ አታውቅም።» ከዚያ ቀና አለች። «ፖሊስ ጋ ልሄድ ነው ብሎኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት። መጥቶ ነበር?»

«አጣራለሁ» አለ መርማሪው።

ደረጃውን ወረደ።

የሃምሳ አለቃው ሱቅ ከሥራ ክፍሉ በታች ናት። የወታደር ቀበቶ፣ የነሐስ ቁልፍ፣ የጫማ ቀለም፣ ማዕረግ። ሰውየው ስልሳ አልፎታል፤ አይኑ በለቅሶ ደም መስሏል። ለመርማሪው ወንበር ጠርጎ አቀረበለት።

«ሠላሳ ሰባት ዓመት ጓደኛሞች ነን፣ ልጄ። አንድ ሳህን፣ አንድ ብርድ ልብስ።»

«ስለ አርማው ይንገሩኝ፣ ጋሼ።»

«ሽመላው ጥበቃ ነው። በአንድ እግሩ የቆመ አያንቀላፋም፤ ካንቀላፋ ይወድቃል። ድልድዩ ያ ሠላሳ ዓመት የሚወራለት ድልድያችን ነው። ጎህ ሲቀድ መጡብን፤ ያዝነው፤ ግን ሰባት ሰው ወደቀብን። ሸምበቆዎቹ እነሱ ናቸው። እኔም እዚያው ነበርኩ።» አንድ የተሰቀለ ቀበቶ አስተካከለ። «አሁን ወዳጄ በስተርጅና ግትር ሆነና ስምንተኛ ልጨምር አለ። ኮሎኔሉ አብዷል! በተለይ ጎባጣዋን ሸምበቆ ሲያይ ‘በወታደር አርማ ላይ ጎባጣ ነገር?’ ብሎ ጠረጴዛ ደብድቧል አሉ።»

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ?»

«የት እሄዳለሁ? እስክዘጋ ድረስ እዚችው። ከዛሬ ጠዋት በቀር ወደ ላይ ከወጣሁ ወር አልፎኛል፤ ይኸው ደረጃ ጠላቴ ነው» ብሎ ጉልበቱን መታ መታ አደረገ።

«ሰው ሲወጣ አላዩም?»

«ጥልፈኛዋ ወደ ስምንት ሰዓት ግድም ወጥታ ስትሄድ አይቻለሁ። ስትቸኩል ነበር።» ይህን ሲል አይኑን ወደ ቀበቶዎቹ መለሰ።

ኮሎኔሉ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሸሚዙን ሲተኩስ መስመር የማያስት ሰው ነው። የበዓሉን ኮሚቴ ይመራል። ትናንት ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰው የፈረመበት ቃለ ጉባኤ ከመሳቢያው አወጣ። መርማሪው ከፈራሚዎቹ ለሦስቱ እዚያው ደወለ። ሦስቱም፣ ከወንበሩ አልተነሳም፣ እኛንም አላስነሳን አሉ።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል» አለ መርማሪው።

«ተጣልተናል። አልክድም። አርማ የወፍና የቅጠል ሥዕል አይደለም፤ እያንዳንዷ ክር ምክንያት አላት። ሰባት ሰው ወደቀ፣ ሰባት ሸምበቆ ተሰፋ። ስምንተኛው ማነው? ከጥበቃ ቦታው ጥሎ የጠፋ! ለከዳተኛ ክር አላስፈትልም። ‘ምስክር አለኝ’ ይለኛል። ‘አምጣው፣ በጽሑፍ ይፈርም’ አልኩት። አላመጣም።»

«ምስክሩ ማን እንደሆነ ነገረዎት?»

«‘ጊዜ ስጠው’ ነው ያለኝ።»

«ጎባጣ ስለሆነም ተቆጥተው ነበር?»

«የምን ጎባጣ?»

ኮሎኔሉ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። ዓርብ ዕለት ሟቹ ራሱ ያመጣለት ንድፍ ነው። ሸምበቆዎቹ ስምንት ናቸው፤ ስምንቱም ቀጥ ያሉ።

መርማሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ አየው። ኮሎኔሉ ያላየውን ጎባጣ ሸምበቆ፣ ሃምሳ አለቃው በኮሎኔሉ አፍ ነው የነገረው። ወሬ ግን ከደረጃ ደረጃ ሲወርድ ይጣመማል፤ በዚህ ብቻ ሰው አይያዝም። ጥልፈኛዋን ማግኘት ነበረበት።

ጥልፈኛዋ በሩን የከፈተችው አይኗ አብጦ ነው። ወሬው ደርሷታል። አርባ አምስት ግድም የሆናት፣ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ ሴት ናት። አንድ ክፍል ቤቷ ውስጥ አልጋና የልብስ ሣጥን ነበር። ሣጥኑ ላይ የአንድ ረጅም ወጣት ፎቶ ቆሟል።

«ትናንት የት ሄዱ፣ እህቴ?»

«እናቴ መቃብር» አለች። «ልነግራት።»

«ምን ሊነግሯት?»

ፎቶውን አነሳችው። «ወንድሜ ነው። ያን ጊዜ እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ከዳ አሉን። ሬሳ የለ፣ ወረቀት የለ፣ ጡረታ የለ። ጎረቤት በራችንን ዘለለው። እናቴ ልጇን ማልቀስ እንኳ አፈረች፤ ውሃ ልቀዳ እያለች ወንዝ ዳር ሄዳ ነበር የምታለቅሰው። እንዲሁ ሞተች። ጋሼ» — ነዳፊውን ማለቷ ነው — «ከሦስት ወር በፊት ጠራኝና ‘ወንድምሽ አልከዳም፤ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ተገኝቷል’ አለኝ። ማን ነው ስለው ‘ራሱ ይነግርሻል፤ አስገድጄው አይሆንም’ አለኝ። ስምንተኛዋን ሸምበቆ እኔ በእጄ እንድሰፋት ነበር የተነጋገርነው። ትናንት ‘ዕረፊ፣ ነገም አትምጪ፣ ለእናትሽ ንገሪያት’ አለኝ።»

መርማሪው የደብተሩን ሥዕል አሳያት። ገና ስታየው ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ሣለው! ውይ፣ ሣለው!»

«ምኑን?»

«ትናንት ከመውጣቴ በፊት በር ላይ ቆሜ ‘ጋሼ፣ ይሄማ ወንድሜን አይመስልም’ አልኩት። ወንድሜ ከልጅነቱ ሸክም ያጎበጠው ነበር። ረጅም ስለሆነ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄድ፤ ሰፈር ውስጥ ‘ጎብጤ’ ነው የሚሉት። ጋሼ ሳቀ። ‘እውነትሽን ነው፣ ሰልፍ ላይ ስንት ተቀጣበት’ አለና ላጲስ አነሳ። እኔ ወጣሁ።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ስምንት። ከታች ያሉት አባባ ሱቃቸው በር ላይ ነበሩ፤ ‘ደህና ዋሉ አባባ’ ብያቸው ነው የሄድኩት።»

«ጎባጣ ይሁን ብለው ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ለማን እነግራለሁ? ለእናቴ መቃብር ነው የነገርኩ።»

መርማሪው ተነስቶ ቆመ። ሸምበቆዋ የጎበጠችው ሰኞ ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ወረቀቱ ተቀዶ ሄዷል። ስለዚህ ጉብጠቷን የሚያውቁ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ የሞተው፣ ይህቺ ሴት፣ እና ወረቀቱን የቀደደው። እሷ ደግሞ ከስምንት ሰዓት ተኩል እስከ ማምሻ መቃብር ስፍራው እንደነበረች ዘበኛው ኋላ አረጋገጠ፤ በር ልዘጋ ብዬ ለምኜ ነው ያስወጣኋት አለ።

ሃምሳ አለቃው የነሐስ ዘለበት እየወለወለ ነበር። መርማሪው የሱቁን በር ከኋላው ዘጋው። ሌላ ፖሊስ ውጪ ቆሟል።

«ጋሼ፣ ጎባጣዋን ሸምበቆ ማን አሳየዎት?»

ጨርቁ ዘለበቱ ላይ ቆመ። «ብዬህ የለ እንዴ፣ ኮሎኔሉ…»

«ኮሎኔሉ አላያትም። ዓርብ የተሰጠው ሥዕል ላይ ሁሉም ቀጥ ያሉ ናቸው። የጎበጠችው ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ያኔ ወደ ላይ የወጣ ሰው ብቻ ነው ያያት።»

ሃምሳ አለቃው ዘለበቱን እንደ እንቁላል በጥንቃቄ አስቀመጠው። ከጫማ ቀለም ሣጥኑ ሥር እጁን ሰደደና የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ላቃጥላት ሦስት ጊዜ ክብሪት ጫርኩ» አለ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ከዚያ ሳይጠየቅ ተናገረ፤ ሠላሳ ዓመት ታፍኖ የቆየ ነገር መውጫ ሲያገኝ እንደሚሆነው።

ያን ሌሊት ሸምበቆው ውስጥ ጥበቃ ላይ የነበረው እሱ ነው። ብርዱ አጥንቱ ገባ፤ ለአፍታ ልሙቅ ብሎ ቦታውን ጥሎ ወደ ጦር ሰፈሩ ተመለሰና እንቅልፍ ጣለው። ጎብጤ ቦታው ባዶ መሆኑን አይቶ፣ ማንንም ሳያጋልጥ፣ ሊሸፍንለት ብቻውን ወደ ሸምበቆው ወረደ። የመጀመሪያው ተኩስ የተሰማው ከዚያ ነው። በዚያ ተኩስ ነው ሻለቃው የነቃ። ወንዙ ሙሉ ነበር፤ ጎብጤን ይዞት ሄደ።

«ጠዋት ‘ጥበቃ ላይ ማን ነበር?’ ሲሉ አፌ ‘እሱ ነበር፣ ጥሎ ጠፋ’ አለ። እኔ አላልኩም፣ አፌ ነው ያለው። ከዚያ እንዴት ልመልሰው? በየዓመቱ እየከበደ ሄደ። ይባስ ብሎ እህቱን እዚህ ቀጠራት። ጠዋት ጠዋት ‘እንዴት አደሩ አባባ’ ትለኛለች። ልጄ፣ ጥይት ይሻላል። ከሦስት ወር በፊት አልቻልኩም፤ ለሱ ነገርኩት።»

«እና ይፈርሙ አለዎት።»

«ፊርማ ብቻ መሰለህ? እሷ ፊት ቁም አለኝ። እሺ እላለሁ፣ ሲነጋ ልቤ ይከዳኛል። ትናንት ደግሞ ሊለምነኝ ይመጣል ብዬ እኔው ቀድሜ ወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ጎብጤ ቆሟል! ራሱ፣ ወገቡ፣ ጭነቱን እንደተሸከመ። ወረቀቱን ቀደድኩ። ያዘኝ። ገፋሁት።» እጆቹን ገልብጦ አያቸው። «ይተነፍስ ነበር። ጨርቅ አጥፌ ከራሱ ሥር አደረግኩለት። ሰው ልጥራ ብዬ ወረድኩ፤ ሱቄ ገባሁ፤ ተቀመጥኩ። ደንበኛ መጣ፣ ቀበቶ ሸጥኩ። ለሁለተኛ ጊዜ ሰው ጥዬ ሄድኩ።»

መርማሪው ካቴናውን አወጣ፤ ግን ወዲያው አላሰረውም።

«ፈርተውት ነበር? ፖሊስ ጋ እንደሚሄድ ነግሮዎት ነበር?»

«ሄዶም ነበር እኮ!» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሐሙስ ዕለት። እኔን ሊያስይዝ እንዳይመስልህ። ‘ራስህን እንዳታጠፋ ፈራሁ፤ ሰው ያናግርህ፣ ሰው ይጠብቅህ ብዬ ልነግራቸው ነው’ አለኝ። ሲመለስ ‘ምን አሉህ?’ ስለው ሳቀ። ‘ሰኞ ና አሉኝ’ አለ። እኔ ደግሞ በሆዴ እሰይ አልኩ። ያን ቀን አንድ ፖሊስ መጥቶ እዚህ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ሁሉንም አወጣለት ነበር። ሐሙስ ደክሞኝ ነበር፣ ልጄ።»

መርማሪው ካቴናውን እጆቹ ላይ አሰረ።

ኮሎኔሉ የሃምሳ አለቃውን ቃል ቆሞ ነው ያነበበው። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ከዳ ብሎ የፈረመው የኔ እጅ ነው» አለ። «አንድ ሰው ብቻ ጠይቄ።» በማግስቱ ኮሚቴውን ሰብስቦ አርማው ባለ ስምንት ሸምበቆ ሆኖ እንዲሰፋ፣ ስምንተኛዋም እንደተሣለች ጎባጣ እንድትሆን አጸደቀ። ጥልፈኛዋ የመጀመሪያዋን በማሽን አልሰፋችም፤ በእጇ፣ አራት ቀን ፈጅቶባት ጨረሰቻት።

የጣቢያው ኃላፊ መርማሪውን በአንድ ቀን ገዳይ ያዝክ ብሎ ጀርባውን ቸብ አደረገው። መርማሪው ግን ፋይሉ ላይ አንድ ገጽ ጨምሮበት ነበር፦ የራሱን ቃል፣ ከሐሙሱ ሰዓት ጋር።

«ይሄ ምን ያደርጋል?» አለ ኃላፊው። «ማን ጠየቀህ? ሰውየው አምኗል።»

«የሟቹ ልጅ ጠይቃኛለች። አጣራለሁ ብያታለሁ።»

«እና ለማጣራት እድገትህን ታቃጥላለህ? ቅደደው፣ እኔም አላየሁ።»

«ይቆይ።»

ኃላፊው ተቆጣ፤ ከዚያ አዘነ፤ በመጨረሻ ገጹን ከፋይሉ ሳያወጣ ለበላይ አካል መራው።

መርማሪው የሟቹን ልጅ ያገኛት ትምህርት ቤቷ ነው። ተማሪዎቹ ለቀው ክፍሉ ባዶ ነበር፤ እሷ ጥቁር ለብሳ ደብተር ታርማለች። የፊት ረድፍ ላይ ካለ አግዳሚ አጠገብ ቆመ፤ አልተቀመጠም።

«አባትሽ ሐሙስ ዕለት መጥቶ ነበር» አለ። «ያነጋገረኝ እኔን ነው። ማክሰኞ ስትጠይቂኝ አውቄ ነው የዋሸሁሽ።»

እስኪብርቶዋን አስቀመጠች።

«ምን አለዎት?»

«‘ስለ አንድ አርማ ሥዕል ነው የመጣሁት።’»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አላስጨረስኩትም። ‘ሥዕል የኛ ሥራ አይደለም፣ ሰኞ ይመለሱ’ አልኩት። ምሳ ሰዓት ነበር።»

«ተቆጣ?»

«አልተቆጣም። ‘እሺ ልጄ’ አለ።»

ራሷን ነቀነቀች። «እሺ ልጄ ነው የሚለው፣ አዎ።» ደብተሩን ዘጋች። ውጪ ሜዳው ላይ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ጩኸት ይሰማል። «ጠዋት ነው ከቤት የወጣው። እናንተ ጋ ስንት ሰዓት ጠበቀ?»

መርማሪው ይህን በመዝገብ አይቶታል። ሊያስቀርላት ፈልጎ ነበር።

«ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል። ተራ ነበር።»

«ጉልበቱን ያመው ነበር» አለች። «አምስት ደቂቃ መቆም አይችልም። ወንበር ሰጥተውት ነበር?»

መርማሪው የዚያን ዕለት ኮሪደር አሰበ። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ሰው፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘውን፣ እሱ ራሱ ሦስት ጊዜ በአጠገቡ ያለፈበትን።

«አልሰጠሁትም» አለ።